የስም ታሪክና የወጪ ታሪክ፦ የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ድጋፍ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ማስኬጃ ከ1969 እስከ 2014 ዓ.ም

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ጽሑፍ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል። እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በአንድ ቀላል በሚመስል ጥያቄ ላይ ነው። መንግሥት አነስተኛ ነጋዴውን፣ ሸማኔውን፣ አናጢውንና ብረት በያጁን እደግፋለሁ ብሎ መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም፣ የዚያን መሥሪያ ቤት የዕለት ተዕለት ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? የባለሙያውን ደመወዝ፣ የትራንስፖርቱን፣ የወረቀቱንና የስልኩን ወጪ የቻለው ማን ነበር? ገንዘቡ ሳይገኝ ሲቀርስ የደረሰው ምንድን ነው?

በሀገራችን የዚህ ዘርፍ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው የስም ታሪክ ነው። በዚህ ዓመት እገሌ የተባለው ኤጀንሲ ተቋቋመ፣ በዚያ ዓመት ፈርሶ በሌላ ተተካ፣ ከአንዱ ሚኒስቴር ወደ ሌላው ተዛወረ እየተባለ ይተረካል። ይህ ታሪክ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። ከሥሩ ሌላ ታሪክ አለ፤ እርሱም የወጪ ታሪክ ነው። እኔ የምከራከረው ባለፉት አምስት ዐሥርተ ዓመታት ስሙ ደጋግሞ ቢለወጥም የወጪው ሥርዓት ያን ያህል አልተለወጠም በማለት ነው። ለመጀመር የሚሆን ገንዘብ ከላይ ይመጣል፤ ለመቀጠል የሚያስፈልገው ወጪ ግን ታች ላለው አካል ይተዋል። የዘርፉን ድካም ከባለሙያ ስንፍና ወይም ከተጠቃሚው የሥራ ባህል ጋር ብቻ የሚያያይዝ ማብራሪያ ይህን መሠረታዊ ነገር ይስተዋል።

ስለ ቃላቱ

በመንግሥት የሒሳብ አሠራር በጀት በሁለት ዐቢይ ክፍል ይከፈላል፤ ካፒታልና መደበኛ። ካፒታል በጀት ሕንፃ ይሠራል፣ መኪናና ማሽን ይገዛል። መደበኛ በጀት ደግሞ መሥሪያ ቤቱን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያኖረዋል። መደበኛውም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። አንዱ ክፍሉ ደመወዝ ነው፤ ሌላው በየመሥሪያ ቤቱ ሁላችንም በለመድነው አጠራር «ሥራ ማስኬጃ» ይባላል። የሒሳብ መደቦቹን ቁጥር የሚያውቅ ተማሪ ልዩነቱን በቀላሉ ያያል፤ 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ነው፣ 6217 ነዳጅና ቅባት ነው፣ 6231 ውሎ አበል ነው።

እነዚህ ሦስት ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ ቢሰፍሩም ዕጣቸው አንድ አይደለም። ደመወዝ ለተቀጠረ ሰው የተገባ ግዴታ ስለሆነ በጀት ሲጠብ አይነካም። የሚቀነሰው ነዳጁና ውሎ አበሉ ነው። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት በወረቀት ላይ ሙሉ ሆኖ፣ ሠራተኞቹም በየወሩ ደመወዛቸውን እየተቀበሉ፣ ሥራው ግን ሊቆም ይችላል። ይህ በተለይ ሥራው ከቢሮ ውጭ ለሆነ መሥሪያ ቤት እውነት ነው። አነስተኛ ኢንተርፕራይዝን መደገፍ ማለት ደግሞ በአብዛኛው ከቢሮ ወጥቶ ወደ አምራቹ መሥሪያ ቦታ መሄድ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ተቋም

መንግሥት ለእጅ ባለሙያ ማሰቡ አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም የእጅ ባለሙያ በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ ማወጃቸው የታወቀ ነው። ያ አዋጅ ክብርን የሚመለከት እንጂ ተቋምም በጀትም ያቆመ አልነበረም። ለዘርፉ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የቆመው ከአብዮቱ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 124/1969 ነው። የዕደ ጥበባትንና የአነስተኛ ኢንዱስትሪዎችን ልማት እንዲመራ የተቋቋመው ይህ ድርጅት በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ሀሲዳ» እየተባለ ይታወቅ ነበር።

ሀሲዳን ለመረዳት ከእርሱ በፊት የወጣውን ሕግ ማየት ያስፈልጋል። የግል ንግድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 76/1968 ለግል ባለሀብት ጣሪያ አበጅቶለት ነበር፤ በጅምላ ንግድ 300,000 ብር፣ በችርቻሮ 200,000 ብር፣ በኢንዱስትሪ 500,000 ብር። ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ አዋጅ ቁጥር 138/1970 የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሕጋዊ መሠረት አስቀመጠ። ሀሲዳ የተወለደው በእነዚህ ሁለት ሕጎች መካከል ነው። ተግባሩም ሁለት ገጽታ ነበረው፤ በአንድ በኩል ያሠለጥናል፣ ያደራጃል፤ በሌላ በኩል ፈቃድ ይሰጣል፣ ይቆጣጠራል።

ወጪውስ? ሀሲዳ የማዕከላዊ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። የበጀቱ ምንጭ ማዕከላዊው ግምጃ ቤት፣ የዕቅዱም ምንጭ ማዕከላዊው ዕቅድ ነበር። ለክርክሬ ሁለት ነጥቦች ይጠቅሙኛል። አንደኛ፣ በዚያ ዘመን ዕቅዱን ያወጣውና ወጪውን የቻለው አካል አንድ ነበር። ሁለተኛ፣ ያ አካል በጦርነት ወጪ የተወጠረ ነበር፤ ድጋፉንም በዋናነት ያሰበው ለማኅበራት እንጂ ለግል አምራቹ አልነበረም። በ1982 ዓ.ም የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ የካፒታል ጣሪያው ተነሣ፤ መንግሥቱ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በሽግግሩ ዘመን ሀሲዳም ፈረሰ።

የ1990 ስትራቴጂና የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 94

ኅዳር 1990 ዓ.ም የመጀመሪያው ብሔራዊ የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ልማት ስትራቴጂ ወጣ። በዚያው ዓመት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 33/1990 የፌዴራል የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ልማት ኤጀንሲ ተቋቋመ። ስትራቴጂው የተከፈለ ካፒታሉ እስከ 20,000 ብር የሆነውን «ጥቃቅን»፣ ከዚያ በላይ ሆኖ እስከ 500,000 ብር የሚደርሰውን «አነስተኛ» አለው።

ያ 500,000 ብር ለታሪክ ተማሪ የሚነግረው ነገር አለ። በ1968ቱ አዋጅ የኢንዱስትሪ ባለሀብት ሊያልፈው የማይፈቀድለት ጣሪያ ይኸው ቁጥር ነበር። በ1990 ደግሞ ያው ቁጥር የድጋፍ ድንበር ሆኖ ተመለሰ፤ ከዚህ በታች ከሆንክ መንግሥት ይረዳሃል ማለት ነው። የብሩ የመግዛት ዐቅም በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ መለወጡ ግልጽ ነው። ቁጥሩ የተወሰደው ከዚያ ነው ማለቴም አይደለም። ትኩረቴ የሚያርፈው መንግሥት ራሱን ከከልካይነት ወደ ደጋፊነት ማዞሩ ላይ ነው። ከልካይ መሥሪያ ቤት ብዙ ወጪ የለበትም፤ ቢሮው ቁጭ ብሎ ማመልከቻ የሚያመጣለትን ይጠብቃል። ደጋፊ መሥሪያ ቤት ግን መውጣት፣ መከታተልና መመለስ አለበት። ተግባሩ ሲለወጥ የወጪው ዓይነት አብሮ መለወጥ ነበረበት።

ይህን ወጪ ማን ይሸፍናል ለሚለው ጥያቄ ሕገ መንግሥቱ መነሻ ይሰጠናል። አንቀጽ 94 ፌዴራሉ መንግሥትና ክልሎች በሕግ ለተሰጣቸው ተግባር የሚያስፈልገውን ወጪ በየበኩላቸው እንደሚችሉ ይደነግጋል። አንድ ክልል በውክልና የሚሠራው ሥራ ሲኖር ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወጪው የወካዩ ነው።

አሁን ጥያቄው ይከብዳል። አንድ የወረዳ ባለሙያ በፌዴራል ደረጃ የወጣውን ስትራቴጂ ሲፈጽም የማንን ሥራ እየሠራ ነው? አንቀጽ 51 አጠቃላይ የኢኮኖሚ ፖሊሲ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል፤ አንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ልማት ፖሊሲ አውጥተው እንዲያስፈጽሙ ይፈቅዳል። ክልሎችም በራሳቸው ሕግ የየራሳቸውን ኤጀንሲና ቢሮ አቋቋሙ። በመሆኑም በሕግ ዓይን ግንኙነቱ ውክልና አይደለም፤ ክልሉ የራሱን ሥራ እንደሚሠራ ይቆጠራል፤ ወጪውም የራሱ ነው። በተግባር ግን ግቡ፣ የሪፖርቱ ቅጽና የዘርፉ ትርጓሜ ሁሉ ከላይ ይመጣል። በሀሲዳ ዘመን በአንድ እጅ የነበሩት ዕቅድና ወጪ በዚህ መንገድ ተለያዩ።

ይህን የምለው የፌዴራል ሥርዓቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ለአምራቹ ቅርብ የሆነ አካል ስለ አምራቹ የተሻለ ያውቃል። ነገር ግን ሥልጣን ከወጪ ጋር ካልወረደ የሚወርደው ኃላፊነት ብቻ ነው።

ወደ ወረዳ መውረድ

በ1994 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች የተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር የዚህ ታሪክ ትልቁ መታጠፊያ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ክልሎች ከፌዴራል ከሚያገኙት ድጎማና ከራሳቸው ገቢ ላይ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ያከፋፍላሉ፤ ወረዳው ጥቅሉን ለየጽሕፈት ቤቱ ይደለድላል። አሠራሩ ለወረዳ ምክር ቤት እውነተኛ የመወሰን ዕድል ሰጠ። በዚያው መጠን ግን ጽሕፈት ቤቶችን በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተሻሚ አደረጋቸው።

በዚህ ሽሚያ ውስጥ የአነስተኛ ኢንተርፕራይዝ ጽሕፈት ቤት ከማን ጋር እንደቆመ እንመልከት። በግብርና በኩል በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተወስኖ ነበር። በጤና በኩል በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ። መምህራንም ነበሩ። እነዚህ ሁሉ በቁጥር የተወሰኑ፣ ደመወዛቸው ከጥቅል በጀቱ ላይ አስቀድሞ የሚነሣ ሠራተኞች ናቸው።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ለጋሽ ሀገሮች ቀጥተኛ የበጀት ድጋፋቸውን ሲያቆሙ፣ በ1998 ዓ.ም በምትኩ መሠረታዊ አገልግሎቶችን ለመጠበቅ የተነደፈው ፕሮግራም ተጀመረ። ፕሮግራሙ የወረዳዎችን መደበኛ ወጪ የሚደግፍ መሆኑ ለእኛ ርእስ ወሳኝ ነው፤ የውጭ ርዳታ ሕንፃ ከመሥራት አልፎ የሠራተኛ ደመወዝን በዚህን ያህል ስፋት ሲደግፍ ያልተለመደ ነገር ነበር። ትኩረት ያደረገባቸው ዘርፎች ግን ትምህርት፣ ጤና፣ ግብርና፣ ውኃና በኋላም የገጠር መንገድ ነበሩ። ለአነስተኛ ኢንተርፕራይዝ የሚሰጥ ድጋፍ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

የዘርፎቹን ቅድሚያ አልቃወምም። ልጅ ማስተማርና እናትን ከሞት ማዳን ብሎኬት አምራቹን ከማማከር ይቀድማል የሚል ወረዳ አልተሳሳተም። ይሁን እንጂ ውጤቱን ማስተዋል ይገባል። የወረዳው ምክር ቤት በጀት በሚደለድልበት ዕለት ሌሎቹ ጽሕፈት ቤቶች ዋስትና ይዘው ይቀርባሉ፤ የእኛው ጽሕፈት ቤት የሚቀርበው በብሔራዊ ስትራቴጂ ብቻ ነው።

የዘመቻ ገንዘብ

ታዲያ በዘርፉ ገንዘብ አልነበረም ማለት ነው? አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ ነበረ። ሆኖም የመጣው በሌላ መልክ ነው። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ለተደራጁ ወጣቶች ሰፊ ገበያ ከፈተ። ብሎኬት፣ ተገጣጣሚ የወለል አካላት፣ በርና መስኮት የሚያመርቱ ኢንተርፕራይዞች የመሥሪያ ቦታ፣ ብድርና ገዢ በአንድ ጊዜ አገኙ። በ2003 ዓ.ም የተሻሻለው ስትራቴጂ ሲወጣ ደግሞ ትርጓሜው በሠራተኛ ብዛትና በጠቅላላ ሀብት ተለካ። በኢንዱስትሪ ዘርፍ እስከ 5 ሠራተኛና እስከ 100,000 ብር ሀብት ያለው «ጥቃቅን»፣ ከ6 እስከ 30 ሠራተኛና እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር ሀብት ያለው «አነስተኛ» ተባለ። ድጋፉም በምሥረታ፣ በታዳጊና በመብቃት ደረጃ ተከፈለ። በወረዳና በቀበሌ የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ጣቢያዎች ተከፈቱ፤ ሼዶች ተሠሩ፤ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት አሠልጣኞችም የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት እንዲሰጡ ተደረገ።

በ2009 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የኢትዮጵያ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተቋቋመ፤ መጠኑም 10 ቢሊዮን ብር ነበር። ይህ ገንዘብ የመጣበትን ጊዜ እናስታውሳለን። የወጣቱ ሥራ አጥነት ከማኅበራዊ ጥያቄነት አልፎ የመንግሥትን ጸጥታ የሚፈትን ጉዳይ የሆነበት ወቅት ነው።

የእነዚህን ገንዘቦች ጠባይ አንድ በአንድ ብናይ ተመሳሳይነታቸው ይገለጥልናል። ሼድ ካፒታል በጀት ነው። ተዘዋዋሪ ፈንድ ለብድር የሚውል ነው። የቤቶች ግንባታው ገበያ ፕሮጀክቱ እስካለ ድረስ የሚቆይ ነው። ሁሉም ለመጀመር የሚሆኑ ናቸው። የፈንዱ ተበዳሪ ወጣት በሁለተኛው ዓመት ሒሳብ ሲምታታበት፣ የሼዱ ተጠቃሚ ማሽኑ ሲበላሽበት፣ ብሎኬት አምራቹ የቤቶቹ ግንባታ ሲቀዘቅዝ አዲስ ገዢ ሲያጣ፣ እዚያ ድረስ ሄዶ የሚያማክረውን ባለሙያ የሚያጓጉዘው ገንዘብ በእነዚህ ውስጥ የለም። እርሱ ያለው በወረዳው መደበኛ በጀት፣ ያውም በሥራ ማስኬጃው ውስጥ ነው።

እኔ ይህን «የዘመቻ ገንዘብ» እለዋለሁ። ለዘመቻ ገንዘብ የሚስማማው ሪፖርት ደግሞ የዘመቻ ሪፖርት ነው፤ ስንት ሰው ተደራጀ፣ ስንት ብር ተበደረ፣ ለስንት ሰው የሥራ ዕድል ተፈጠረ ተብሎ ይጠየቃል። ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ቆሞ ተገኘ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ተመልሶ በሄደ ባለሙያ ብቻ ነው፤ መሄጃው ደግሞ አልተመደበም።

ሁለት ወንድማማቾች

የክርክሬን ጥንካሬ ለመፈተን አንድ ንጽጽር ላቅርብ። ከድጋፍ ሰጪዎቹ ጎን ለጎን፣ በአንድ ዘመንና ለአንድ ዓይነት ተጠቃሚ የተቋቋሙ ሌሎች ተቋማት ነበሩ፤ የብድርና ቁጠባ ተቋማት። በአዋጅ ቁጥር 40/1988 ሕጋዊ መሠረት ካገኙ በኋላ የአማራ፣ የኦሮሚያ፣ የትግራይ፣ የአዲስ አበባና ሌሎችም ተቋማት ተስፋፉ። እነርሱም በገጠርና በከተማ ከክልል መንግሥታት ጋር ተቀራርበው ሠሩ፤ እነርሱም ተበዳሪያቸውን ለመከታተል ብዙ ባለሙያ ማሠማራት ነበረባቸው።

ልዩነቱ ከወለድ ላይ ነው። ብድር ሰጪው ከሚሰበስበው ወለድ የባለሙያውን መጓጓዣ ይከፍላል፤ ተበዳሪውን መጎብኘት ለእርሱ ገንዘቡን ማስመለሻ ነው። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ከእነዚህ ተቋማት አንዳንዶቹ ወደ ባንክነት አደጉ፤ የኦሮሚያው ሲንቄ ባንክ፣ የአማራው ጸደይ ባንክ ሆነዋል። ምክር ሰጪው መሥሪያ ቤት ግን በዚያው ዘመን ምን ሆነ? በ2008 ዓ.ም የፌዴራሉ ኤጀንሲ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ በከተሞች የሥራ ዕድል ፈጠራና የምግብ ዋስትና ላይ፣ ሌላው በአነስተኛና መካከለኛ አምራች ኢንዱስትሪ ላይ እንዲሠራ ተደረገ። በ2011 የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን መጣ። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ የአምራች ኢንዱስትሪው ኤጀንሲም የኢትዮጵያ ኢንተርፕራይዝ ልማት ሆነ። አንደኛው ወንድም የራሱ ገቢ ስለነበረው አደገ፤ ሁለተኛው የራሱ ገቢ ስላልነበረው ስሙ ተለዋወጠ።

ከዚህ ተነሥቶ «ታዲያ ምክሩም በክፍያ ይሁን» የሚል ሊኖር ይችላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የለጋሾች ኮሚቴ ያወጣው የቢዝነስ ልማት አገልግሎት መመሪያ ወደ ገበያ ያዘነበለ ነበር። ለመካከለኛ ኢንዱስትሪ ይህ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ዛሬ ያመረተውን ዛሬ ሸጦ ለሚያድር ሰው ምክር የሚገዛ ሸቀጥ አይደለም። ጥቅሙን የሚያየው ካገኘው በኋላ ነው፤ ከማግኘቱ በፊት ሊከፍልበት አይችልም። ስለዚህ ለታችኛው እርከን የሕዝብ ገንዘብ መውጣቱ የማይቀር ነው። ክርክሩ ሊሆን የሚገባው በምን መልክ ይውጣ በሚለው ላይ ነው።

ሌሎች እንዴት ሞከሩት?

ችግሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ሁለት የውጭ ምሳሌዎች ያሳያሉ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ቢዝነስ ሊንክ በሚል ስም የአካባቢ ምክር ሰጪ ማዕከላት ተከፈቱ። በኋላ አገልግሎቱ በክልል ልማት ኤጀንሲዎች ሥር ሆነ። መንግሥት በጀት ለመቀነስ ሲነሣና ኤጀንሲዎቹን ሊያፈርስ ሲወስን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የክልሎቹ የፊት ለፊት ምክር አብሮ ቆመ። በሀብታም ሀገርም ቢሆን በሌላ ተቋም በጀት ላይ የተንጠለጠለ አገልግሎት ከተንጠለጠለበት ጋር ይወድቃል።

በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1980 በሕግ የጸናው የአነስተኛ ንግድ ልማት ማዕከላት ፕሮግራም ሌላ መንገድ ሄደ። ማዕከላቱን በብዛት የሚያስተናግዱት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው አስተናጋጁ አካል እኩያውን ሲያቀርብ ነው፤ ከዚያ እኩያ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ ጥሬ ገንዘብ መሆን አለበት። ይህ አሠራር የራሱ ጉድለት አለው፤ እኩያውን ለማቅረብ የማይችል አካባቢ ይጎዳል። እኔን የሚስበኝ ግን ሕጉ «ማን ይከፍላል» የሚለውን ጥያቄ ገና ከመነሻው መመለሱ ነው። ከፋዩና የድርሻው መጠን በጽሑፍ ተወስኗል።

ትንሽ ስሌት

የምናገረው ስለ ግዙፍ ገንዘብ እንዳይመስላችሁ ግምታዊ ስሌት ላስቀምጥ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ያሰብኳቸው እንጂ ከየትኛውም ወረዳ የተወሰዱ አይደሉም። አንድ ጣቢያ 5 ባለሙያዎችና 200 ኢንተርፕራይዞች አሉት እንበል። እያንዳንዱ ኢንተርፕራይዝ በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ ይጎብኝ ብንል በዓመት 800 ጉብኝት ይሆናል፤ ለአንድ ባለሙያ 160፣ በሳምንት ከሦስት ብዙም አይበልጥም። ለአንድ ጉብኝት የደርሶ መልስ ትራንስፖርት 100 ብር ቢታሰብ የዓመቱ ወጪ 80,000 ብር ነው።

80,000 ብር ለአንድ መካከለኛ ሼድ ግንባታ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ነገር ግን ያ ኢምንት ገንዘብ ሲጠፋ የሚባክነው እርሱ ብቻ አይደለም። የአምስቱ ባለሙያዎች ደመወዝ ለግማሽ ሥራ ይከፈላል። ሼዱ ያለ ክትትል ይቀራል፤ ብድሩም ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። ቁጠባ ይመስል የነበረው ነገር ከሁሉ የከፋ ብክነት ሆኖ ይገኛል። ባለሙያው ከኪሱ ከፍሎ ሲሄድ ደግሞ የመንግሥትን ሥራ ማስኬጃ በዝቅተኛ ደመወዙ እየደጎመ ነው። በበጀት ሰነድ ላይ የማይታይ ድጎማ ስለሆነም ማንም አይቆጥርለትም።

ማጠቃለያ

አንዳንድ ተመራማሪዎች ዘርፉ ከ1997 በኋላ ከልማት ይልቅ ለፖለቲካ ድጋፍ ማሰባሰቢያ ውሏል ብለው ይከራከራሉ። ይህን ማብራሪያ አልጥለውም፤ ከእኔው ጋርም አይጣላም። ለፖለቲካ የሚፈለግ ነገር በዘመቻ ይመጣል፣ በዘመቻ ይቆጠራል፤ ለዕለት ክትትል የሚሆን ትዕግሥት አይኖረውም። ሆኖም ፖለቲካው ቢጸዳ እንኳ የወጪው ጥያቄ ካልተመለሰ ውጤቱ ብዙ አይለወጥም ብዬ አምናለሁ።

ከታሪኩ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ፌዴራሉ መንግሥት ብሔራዊ ግብ አስቀምጦ የአፈጻጸም ሪፖርት በሚጠይቅበት ሥራ ሁሉ የአንቀጽ 94 መንፈስ ሊታሰብ ይገባል፤ ጥብቅ የሕግ ውክልና ባይሆንም ግብ አውጪው ከወጪው ድርሻ መውሰዱ ፍትሐዊ ነው። ሁለተኛ፣ ለብድር ወይም ለሼድ የሚመደብ ገንዘብ ሁሉ የተወሰነ ድርሻው ለክትትል ሥራ ማስኬጃ ተለይቶ ሊያዝ ይገባል። ሦስተኛ፣ አዲስ ኤጀንሲ ለማቋቋም የሚቀርብ ረቂቅ ሕግ የሦስተኛውና የአምስተኛው ዓመት መደበኛ ወጪ ከየት እንደሚመጣ ሳያሳይ ሊጸድቅ አይገባም። ያለዚያ ስትራቴጂያችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደተባለው ይሆናል።

ለተማሪዎቼ የተለየ መልእክት አለኝ። የዚህ ዘርፍ አዋጆች በነጋሪት ጋዜጣ ታትመው ይገኛሉ፤ ማንም ያነባቸዋል። የወረዳ የበጀት ድልድል ሰነዶች፣ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤዎችና የወጪ መዝገቦች ግን በየጽሕፈት ቤቱ ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ መሥሪያ ቤት በፈረሰና በተቀላቀለ ቁጥርም ይበተናሉ። አንድ ወረዳ ምረጡ። የዐሥር ዓመት የሥራ ማስኬጃ በጀቱን፣ የጸደቀውንና በተግባር የወጣውን፣ በየሒሳብ መደቡ ጎን ለጎን አስቀምጡት። ከዚያ በዚያው ወረዳ በነዚያ ዓመታት ከተደራጁት ኢንተርፕራይዞች ዛሬም የሚሠሩትን ቁጠሩ። እንዲህ ዓይነት ሃያ ጥናት ቢኖረን የዛሬው ንግግሬ ትክክል መሆን አለመሆኑ በማስረጃ ይለይ ነበር።